"ሪህ ሪህ ነው" ለሚሉት ጸሐፊ፦ ሌላ ሐኪም ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ስልኬ ላይ ገባ። መጀመሪያ አክስቴ ላከችው፣ ቀጥሎ ያጎቴ ልጅ፣ በመጨረሻ ራሷ እናቴ። ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ነው። ጸሐፊው የጤና ባለሙያ እንደሆኑ ይናገራሉ። ምክራቸው ባጭሩ፣ መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው አንድ ሐኪም ይዞ የታዘዘለትን ይዋጥ እንጂ ከክሊኒክ ክሊኒክ አይንከራተት ነው። ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ሌላ ሐኪም መፈለግ የመጀመሪያውን መናቅ ነው። ሪህ ሪህ ነው፣ ማንም ቢያየው መድኃኒቱ ያው ማስታገሻ ነው። የደም ምርመራ አይዋሽም። ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ሲናገር ታማሚው ግራ ይጋባል። ሐኪም ባነሰበት አገር ደግሞ ሁለት ሐኪም ማየት የሌላውን ወረፋ መሻማት ነው። መዝጊያው ላይ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" የሚለውን ተረት ጣል አድርገዋል።

እናቴ ሁለት እግር አላት። ሁለቱም ያማታል። ዛፍ አልወጣችም፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ የቤታችንን ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይህን ከወዲሁ ልናገር። የምጽፈው እንደ አስታማሚ ነው። ካርድ አውጥቻለሁ፣ ወረፋ ይዣለሁ፣ የላብራቶሪ ወረቀት በፌስታል ተሸክሜ ዞሬአለሁ። የሕክምናውን ነገር ያወቅኩት ሐኪሞቿን እየነዘነዝኩ፣ የቀረውን ደግሞ እያነበብኩ ነው።

ከሁለተኛው ነጥብ ልጀምር፣ የሌሎቹ ሁሉ ሥር እሱ ነውና።

ሪህ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ የማይገባበት የለም። ጉልበት ቢያም ሪህ ነው። ወገብ ቢይዝ ሪህ ነው። ጣት ቢያብጥ ሪህ፣ ብርድ ቢመታ ሪህ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ ቢያቃስት ሪህ። ቁርጥማት የሚለውም እንደዚያው ነው። ሕዝቡ ቢለው ምንም አይደለም፣ የሚሰማውን ነው የሚናገረው። ችግሩ ታማሚው "ሪህ አለብኝ" ብሎ ሲገባና ሐኪሙም ሳይጠይቅ "አዎ ሪህ ነው" ብሎ ሲጽፍ ነው። በሕክምናው ቋንቋ ሪህ የሚባለው አንድ የታወቀ በሽታ ነው። ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ ይበዛና መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ ድንገት፣ በአንድ ሌሊት፣ የእግርን አውራ ጣት ነው የሚመታው። አንሶላ ሲነካው እንኳ ሰውየው ይጮኻል። ከዚያ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይተወዋል፣ ቆይቶ ይመለሳል።

የእናቴ እንደዚያ አልነበረም። በ48 ዓመቷ ነው የጀመራት። የሁለቱም እጆቿ የጣት አንጓዎች፣ ሁለቱም አምባር ማሰሪያዋ፣ ቀጥሎ የእግሯ ጣቶች ሥር። ግራው ሲያብጥ ቀኙም ያብጣል። ቀስ እያለ መጣ፣ ከመጣም በኋላ አልሄደም። ሄድን። "ሪህ ነው፣ ሥጋ ይቀንሱ" ተባለች። እናቴ እኮ ከዓመቱ ግማሽ በላይ የምትጾም ሴት ናት! በበዓል የምትበላትን ጥብስ አስጥለን ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ አስያዝናት።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ቤታችን አጠገብ ካለ አንድ የጤና ተቋም፣ አንዳንዴ ደግሞ በቀጥታ ከፋርማሲ። ሲብስባት መርፌ፣ ሲሻላት ኪኒን። ከዚያ አንድ ቀን ሊጥ ማቡካት አቅቷት እጇን ቡሃቃው ውስጥ እንዳለ ትታ ስታለቅስ አገኘኋት። ሌላ ሐኪም ጋ እንሂድ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛዋ ሐኪም ወጣት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት። ወረቀቶቹን ዘረጋሁላት። ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። "ቆይ፣ መጀመሪያ እሳቸው ይንገሩኝ" አለችኝ።

"እማማ፣ ጠዋት ሲነሡ ጣትዎ እስኪፍታታ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምነሣው። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ የሻይ ብርጭቆ አላነሣም።"

"ይህን ሰው ጠይቆዎት ያውቃል?"

"ማን ይጠይቀኛል ልጄ።"

እኔ ራሴ አልጠየቅኳትም። አብሬአት እየኖርኩ። ዶክተሯ ከዚያ የሁለቱን እጆቿን አንጓዎች አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አየች። የእግሯንም ጫማ አስወልቃ አየች። ጉልበት በዕድሜ ሲያረጅ ጠዋት ቢተሳሰርም አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፍታታል፤ ሲሠሩበት ነው የሚብሰው። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚተሳሰር፣ በሁለቱም ወገን ትንንሽ አንጓዎችን የሚያሳብጥ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሻለው ሌላ ነገር ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላት መስሎት የራሱን መገጣጠሚያ የሚወጋበት በሽታ ነው። ከመቶ ጎልማሶች አንዱን ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰውን ይይዛል፤ ሴቶችን ደግሞ ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ። ብርቅ በሽታ አይደለም።

አሁን ጸሐፊው "መድኃኒቱ ያው ነው" ያሉትን እንመልከት። ዲክሎፌናክ ሕመሙን ያበርዳል፣ በሽታውን ግን አያቆመውም። ከሥር አጥንቱ መበላቱን ይቀጥላል። የሚያቆሙት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፤ ዋናው ሜቶትሬክሴት ነው፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን አለ፣ ሰልፋሳላዚን አለ። እነዚህ ቢቻል ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት መጀመር አለባቸው፣ ምክንያቱም አንዴ የተበላ አጥንት ተመልሶ አይበቅልም። እናቴ ዛሬ ሊጥ ታቦካለች። ሁለት ጣቶቿ ግን እንደተቆለመሙ ቀሩ። እነዚህ ሁለት ጣቶች ናቸው የአራት ዓመቱ "ሪህ ሪህ ነው" ዋጋ።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በዚያ አንድ ቃል ሥር የሚደበቀው ብዙ ነው። ትክክለኛው ሪህ ራሱ አሎፑሪኖል የሚባል የራሱ መድኃኒት አለው፣ ዕድሜ ልክ ዲክሎ መዋጥ አይደለም። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያረባ ሰው ወገቡንና መገጣጠሚያውን እያመመው ማታ ማታ የሚያልበው ከሆነ ብሩሴላ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። የጀርባ አጥንት ቲቢ አለ፤ ለወራት "ወገብ ያዘኝ" ሲባል ይቆይና አንድ ቀን እግር አልታዘዝ ይላል። ሉፐስ የሚባል በሽታ አለ፣ ይበልጥ ወጣት ሴቶችን የሚይዝ፣ ኩላሊት የሚነካ። በ2011 ዓ.ም ክረምት ድሬዳዋ ላይ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው ቺኩንጉኒያ ሲገባ ከተማው ሙሉ አልጋ ያዘ። ትኩሳቱ በቀናት ሲለቅ የመገጣጠሚያው ሕመም ለወራት የሚቆይባቸው አሉ። ያንን ሰው "ሪህ ነው" ብሎ ሥጋ ማስከልከል ምን ይሉታል?

ታዲያ ሌላ ሐኪም የሚፈለገው የተሻለ ኪኒን ለማግኘት አይደለም። የበሽታው ስም ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ስሙ ከተሳሳተ መድኃኒቱ ትክክል ሊሆን አይችልም፣ ቢሆንም በዕድል ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ የደም ምርመራ አይዋሽም ወደሚለው። እውነት ነው፣ አይዋሽም። ግን ያልጠየቁትን አይመልስም። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በደንብ ልሞግታቸው እፈልጋለሁ፣ ባለሙያ ከሆኑ ይህን ማወቅ ነበረባቸውና።

ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሪህ የማይዘው ሰው ብዙ ነው። በተቃራኒው ሪሁ በተነሣበት ሰዓት ሲለካ ቁጥሩ ኖርማል ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚናገረው ካበጠው መገጣጠሚያ ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ክሪስታሉ ሲታይ ነው። እናቴ ላይ ዩሪክ አሲዷ ከመስመሩ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። በዚያች ትንሽ ቁጥር ነው አራት ዓመት የተበየነባት።

አርኤፍ የሚባለው የሩማቶይድ የደም ምርመራም እንዲሁ ነው። ሩማቶይድ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ ከ20 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ ኔጌቲቭ ይወጣል። ስለዚህ "አርኤፍ የለብሽም፣ ደህና ነሽ" ተብሎ የሚሸኝ ታማሚ አለ ማለት ነው። ደግሞ በሽታው የሌለባቸው አረጋውያን፣ ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው፣ ቲቢ የያዛቸው ሰዎች ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ የተሻለ ይለያል፣ ነገር ግን እሱም ኔጌቲቭ ስለወጣ ብቻ በሽታው የለም አይባልም፣ የትም ቦታ ደግሞ አይገኝም። ራጅም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት ኖርማል መሆኑ የተለመደ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ኤኤስኦ ነው። ይህ ምርመራ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው በቅርብ ጊዜ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ነክቶት እንደነበር። ለልጆች ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የሩማቲክ ትኩሳት በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይዞ የልብ በር ያበላሻል። እነሱ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌያቸውን በፍጹም ማቋረጥ የለባቸውም፤ ይህን የምታነቡ ወላጆች እኔን ጠቅሳችሁ እንዳታቋርጡ! እናቴ ግን ያኔ የ50 ዓመት ሴት ነበረች። ኤኤስኦዋ ከፍ አለ ተብሎ በየወሩ ያንን የሚያስለቅስ መርፌ አሥራ አንድ ጊዜ ተወግታለች። ለማይመለከታት በሽታ። ሁለተኛዋ ሐኪም ይህን ስትሰማ ለአፍታ ዝም አለች፣ ከዚያ "እሱ ይበቃል" ብላ ሰረዘችው።

ስለዚህ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ታማሚውን የሚጠይቅ፣ የሚነካ፣ ከዚያ ወረቀቱን ከሰውየው ጋር የሚያስተያይ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። አሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አለ። በመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ተልከው የመጡ 286 ታማሚዎች መጀመሪያ የተባሉትንና በኋላ የተባሉትን አወዳደረ። የበሽታው ስም ሳይነካ የጸደቀላቸው ከመቶ 12 ብቻ ናቸው። ከመቶ 21 የሚሆኑት ፈጽሞ ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ለቀሩት ስሙ ተስተካከለ ወይም በደንብ ተብራራ። እርግጥ እነዚህ ሰዎች ሕመማቸው አስቸጋሪ ስለሆነ የተላኩ ናቸው፤ ተራ ጉንፋን የያዘውን ሁሉ አይወክሉም። ግን ለዓመታት የማይድን የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰውም እኮ አስቸጋሪ ከሚባሉት ነው።

"ሐኪምን መናቅ ነው" የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የኛ ባህል ነው፣ ይገባኛል፤ ነጭ ጋውን ፊት እናፍራለን። እናቴ ለሁለት ዓመት "ቅር ይለዋል" እያለች ነው የቆየችው። በመጨረሻ እኔ ገብቼ የመጀመሪያውን ዶክተር "ዶክተር፣ ሕመሙ አልለቀቃትም፣ ስፔሻሊስት እንዲያያት ብንፈልግ ሪፈር ይጽፉልናል?" አልኳቸው። ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ። በቃ። እንዲያውም "እኔም ሳስበው ነበር" አሉኝ። (ካሰቡት ለምን አልጻፉትም የሚለውን ለራሴ አስቀረሁት።) በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ አይቻለሁ፤ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ አይደርሳቸውም። ክፋት አልነበረም። ግን እናቴን እየጎዳት ያለው የእሳቸው ክፋት ሳይሆን የጊዜያቸው ማነስ ስለሆነ፣ ማፈሩም የሚጠቅመው ለማንም አልነበረም። በተረት ከሆነ ደግሞ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚል አለን።

ገንዘብ። ይህኛው ነጥብ የዋዛ አይደለም። ጸሐፊው እዚህ ላይ የሰውን ኪስ ማሰባቸውን አከብራለሁ። የግል ስፔሻሊስት ውድ ነው። አንዳንድ ምርመራ ከወር ደመወዝ ላይ ይቆርሳል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ትራንስፖርትና ማደሪያ አለ። ነገር ግን ሒሳቡን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሠሩት። የእናቴን ፌስታል ከፍቼ ደረሰኞቹን ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ሁለት ናቸው። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ የመርፌ መውጊያ፣ ደግሞ ደጋግሞ የተሠራ አንድ ዓይነት የደም ምርመራ፣ ከዚያ ማስታገሻው ጨጓራዋን ሲልጠው ኦሜፕራዞል። የስፔሻሊስቱ ክፍያ ከዚያ ሁሉ ድምር እሩቡን አይሞላም።

ማስታገሻው ራሱም በነጻ አይሄድም። ዲክሎፌናክ ለወራት ሲወሰድ ጨጓራ ያቆስላል፣ ያደማል። ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። "በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም" የሚባለው ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ያው ሥራውን ይሠራል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ካለ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ በራሳቸው እየገዙ የሚውጡም አሉ፣ እውነትም በሁለት ቀን ያስነሣል። ሲቆይ ግን ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይመጣል፣ አጥንት ይሳሳል። ከዚያ ደግሞ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

በገንዘብ ጉዳይ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። አጎቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ የዕድሜ ነው፣ የዕድሜ መሆኑ ትክክል ነው። አንድ ቦታ "በካሜራ ተከፍቶ ይታጠብ፣ ይጽዳ" ተባለ። ገንዘቡን ከባሕር ማዶ ልጆቹ ሊልኩለት ሲሉ ነው ሌላ የአጥንት ሐኪም እንዲያየው የለመንኩት። አሜሪካ ሂውስተን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። 180 ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፋፍለው ለአንዱ ቡድን ጉልበቱ ታጠበ፣ ለሌላው ተጸዳ፣ ለሦስተኛው ቆዳው ብቻ ተቀዶ ተሰፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነት አልተገኘም። ቆዳው ብቻ የተቀደደለትም የታጠበለትም እኩል ናቸው! ሁለተኛው ሐኪም አጎቴን ክብደት ይቀንሱ፣ የጭንዎን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይሥሩ፣ ምርኩዝ ይያዙ አለው። አጎቴ ምርኩዙን ጠላው፣ እንቅስቃሴውን ግን ይሠራል። ሁለተኛ ሐኪም ገንዘብ ያስወጣል ለሚሉት፣ እዚህ ያዳነውን ገንዘብ የአጎቴ ልጆች ይመስክሩ።

ግራ መጋባት የሚለው ነጥብ ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሐኪም መቀያየር የሚባል በሽታ አለን። አንዱ ጋ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ካልተሻለው ሌላው ጋ፣ የመጀመሪያውን ውጤት ይደብቃል፣ ሌላውም ከዜሮ ይጀምራል። አምስት ቦታ አምስት ዲክሎፌናክ በተለያየ የንግድ ስም ይታዘዝለታል፣ እሱም አምስቱንም ይውጣል። ይህ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር አይደለም፣ አንደኛውን አምስት ጊዜ ማየት ነው።

ማማከር ከሆነ እንዲህ ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ሁሉ፣ ራጁ ሁሉ፣ በቀን ቅደም ተከተል ይዞ መሄድ። የሚወሰደውን ሁሉ መንገር፣ ከፋርማሲ የተገዛውንም፣ የባህል መድኃኒቱንም፣ መርፌውንም። መቼ እንደጀመረ፣ የትኛው አንጓ እንደቀደመ፣ ጠዋት ለስንት ሰዓት እንደሚያስር በወረቀት ጽፎ መያዝ፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ይጠፋል። አንድ ብልሃት ደግሞ ከሁለተኛዋ ሐኪም የተማርኩት፦ መገጣጠሚያው ባበጠ ቀን በስልክ ፎቶ አንሡት። የቀጠሮ ቀን ሲደርስ እብጠቱ ጠፍቶ ታማሚው ውሸታም መስሎ እንዳይቀርብ። ከዚያ መጠየቅ ነው። የበሽታው ስም ምንድን ነው? ምን አይተው ነው ያሉት? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ካልታከመስ?

ሁለቱ ሐኪሞች ከተለያዩ ይለያዩ። "የመጀመሪያው ዶክተር እንዲህ ብለው ነበር፣ እርስዎ ለምን ከዚያ ተለዩ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ምክንያቱን የሚያስረዳውን ያዙ። የሚቆጣውን... እናንተው ታውቃላችሁ።

ጸሐፊው ግራ የተጋባ ሰው መጨረሻው ፀበልና ወጌሻ ነው ብለው አንድ ላይ ጨፍልቀውታል። እዚህ ላይ አልስማማም። እናቴ ፀበል ትሄዳለች፣ መድኃኒቷንም ትውጣለች፤ ሐኪሟም ታውቃለች፣ አንዱ ሌላውን አስጥሎባት አያውቅም። ፍልውሃም ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ራሷ እኮ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃውን በመውደዳቸው ነው። ሙቀት የተሳሰረ መገጣጠሚያ ያፍታታል፣ የአጥንቱን መበላት ግን አያቆምም። ወጌሻ ግን ይቅርባችሁ። ያበጠና የጋለ አንጓ መታሸት አይወድም፣ እናቴ ሞክራ ሦስት ቀን ተኝታለች።

የወረፋው ነገር ቀረ። እውነት ነው፣ ሩማቶሎጂስት የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስት አገራችን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ያሉትም በብዛት አዲስ አበባ ናቸው። ግን ወረፋውን ማን ነው ያጣበበው? እናቴ በአራት ዓመት ውስጥ ያንን ተቋም ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሄዳለች። ሠላሳ የሌላ ሰው ተራ ማለት ነው። ስሙ ከታወቀ ወዲህ በሦስት ወር አንዴ ነው የምትሄደው፣ ደምና ጉበቷን ተመርምራ ትመለሳለች።

ሁሉም ሰው ስፔሻሊስት ይይ እያልኩም አይደለም። የ65 ዓመት ሰው ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ካመመው፣ ሲያርፍ ከተሻለው፣ እብጠት ከሌለው፣ ከመጀመሪያ ሐኪሙ ጋር ይቆይ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚተሳሰር፣ አንጓው አብጦ ስድስት ሳምንት ያለፈው፣ ማስታገሻውን ካቆመ በማግሥቱ የሚመለስበት፣ ወይም ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ነው ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው። ሩማቶሎጂስት ባይገኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ብዙውን ይሠራል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ደግሞ ከጤና ጣቢያው ሪፈር እያጻፈ ቢወጣ መድኑ ይከተለዋል፤ ዘሎ ከሄደ ከኪሱ ነው። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ከጨመረ ግን የሁለተኛና የሦስተኛ ሐኪም ወሬ የለም፤ መግል ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ጽሑፉ ውስጥ የለም ግን መነገር አለበት። ስሙ ታውቆ ሜቶትሬክሴት የተጀመረለት ሰው ካለ፣ መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በቀን አይደለም። በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ። ሌላው ኪኒን ሁሉ በየቀኑ ስለሚዋጥ ስሕተቱ ቀላል ነው፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ የባሰ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ጭራሽ አትነካውም፣ ለሐኪሟ ቀድማ ትንገር። እኛ ቤት ቀኑ ረቡዕ ነው። እናቴ የመረጠችው ራሷ ናት፣ የጾም ቀን አይረሳም ብላ። ሌሎቹን ቀናት ብልቃጡ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል።

ይህን እየጻፍኩ ከማድ ቤት ጠራችኝ። ጽሑፉን የላከችልኝ ለምን እንደሆነ ገና አሁን ነው የነገረችኝ፣ "ሰውዬው ጎበዝ ጸሐፊ ነው፣ ግን እጁን አሞት አያውቅም" አለች። ነገ ረቡዕ ነው። ኪኒኑን ቁጠርልኝ ትላለች።